ከግቢው ውጪ ስላሉት ልጆች

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ኬክ ይዘን ማሳደጊያ ለምንሄድ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የእዳዬ አበበች ጎበናን ሥራ ግማሹን ብቻ ስለማስታወሳችን

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ስለመሠረቱት እዳዬ አበበች ጎበና ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከግሸን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980፣ ወሎ ተርቦ በነበረበት ጊዜ፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄዱ። መንገዱ ላይ ሰው በረሃብ ሲረግፍ አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ነው፤ ለማን ይበቃል? እናቷ የሞተችባትን ሕፃን ጨምሮ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው "ወይ እኔን ወይ ልጆቹን" አሉ። እዳዬ ልጆቹን መረጡ። ዘመድ "አበደች" አለ። እሳቸው ግን የሞቀ ቤታቸውን ጥለው ወጡ፤ እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየቆሉ፣ ያንን እየሸጡ ልጆቹን አበሉ። ሥራው በመንግሥት ታውቆ ወረቀት እስኪያገኝ እንኳ ዓመታት ፈጅቷል።

ይህን ታሪክ ያልሰማ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮቪድ በ85 ዓመታቸው ሲወስዳቸውም ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፌስቡኩ ይህንኑ ደገመ። "የአፍሪካዋ ማዘር ትሬዛ" ተባሉ። ሲያንሳቸው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ወሬው እዚያው ላይ ማለቁ ነው።

ድርጅታቸው፣ የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር፣ ስለ ሥራው ሲነገር ሁለት ቁጥሮች አብረው ይነሱ ነበር። ግቢው ውስጥ የሚያድጉት ወላጅ አልባ ልጆች 150 ያህል ናቸው። ከግቢው ውጪ፣ በተለያየ የአገሪቱ ክፍል፣ ባሉበት ሆነው የሚረዱት ደግሞ ከ12,000 በላይ። አስሉት። አንድ ልጅ ግቢ ውስጥ ሲያድግ 80 ልጅ ውጪ ይረዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ትምህርት ቤት አለ፤ የሙያ ሥልጠና አለ፤ የሴቶችን አቅም የማጎልበት ሥራ አለ፤ የኤችአይቪ መከላከል ሥራ አለ። ሕዝቡ የሚያስታውሰው 150ውን ነው። ካሜራ የሚገባው እዚያ ነዋ! አልጋ በአልጋ ተደርድሮ ይታያል፤ ልጆቹ ተሰልፈው ይዘምራሉ። ሰፈር ውስጥ አያቷ ጋ ሆና ደብተር የተገዛላትን ልጅ ማን ቀርጾ ያሳያል?

ደግሞ አንድ ነገር እንዳይረሳ። እዳዬ ራሳቸው ማሳደጊያ ውስጥ አላደጉም። በ1928 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ ተወለዱ። አባታቸውን የጣሊያን ጦርነት በላው። እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። ከዚያ ሳይጠየቁ ተዳሩ፤ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ለእነዚያ አያቶች ማን ረዳቸው? ማንም። ቤታቸው ቢደገፍ ኖሮ ልጅቷ በዚያ ዕድሜ ባልተዳረች ነበር ማለት አልችልም፤ የዘመኑ ልማድም አለበት። ግን ድርጅታቸው ከግሸን መልስ የተጀመረውን ግቢ ብቻ ይዞ ለምን እንዳልቀረ ሳስብ ይህ የልጅነት ታሪክ ትዝ ይለኛል።

በአገራችን ማሳደጊያ የተስፋፋው በክፉ ቀን ነው። ደርግ የጦር ሜዳ ሟቾችን ልጆች ለማሳደግ አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን ገነባ። የ1977ቱ ረሃብ ሲመጣ ደግሞ የውጭ ዕርዳታ ድርጅቶችና አብያተ ክርስቲያናት በየቦታው ግቢ ከፈቱ። ያኔ ሌላ ምርጫ ነበር ብሎ መከራከር ከባድ ነው። ቀዬው ፈርሷል፤ ሰው በእግሩ ተሰዷል፤ ልጁ የማን እንደሆነ የሚናገር ሰው የለም። ጣራና ሾርባ መስጠት ነበረብን፤ ተሰጠ።

ጥያቄው ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ የመጣው ነው። ከዚያው ረሃብ የተወለደውን የኢየሩሳሌም ሕፃናት ማሳደጊያ ተመልከቱ። እሱም መጀመሪያ ልጆችን በግቢ ያሳድግ ነበር። በኋላ ግን ዞር ብሎ አሰበ። ልጆቹን ወደ ዘመድና ወደ ማኅበረሰቡ መለሰ፤ ስሙንም የሕፃናትና ማኅበረሰብ ልማት ድርጅት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ከዕድሮች ጋር መሥራቱ ይታወቃል። ዕድር ድሮ የሚያውቀው ቀብርን ነው፤ ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ወንበር። ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲያራቁት ግን ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለቋሚው ማሰብ ጀመሩ። የሟች አባል ልጆች ከቤታቸው እንዳይወጡ፣ ከትምህርት እንዳይቀሩ። ይህ ከውጭ መጥቶ የተማርነው ነገር አይደለም። እዚሁ፣ በእኛው ሰዎች፣ በእኛው ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ የተሠራ ነው።

የራሳችሁም ወረቀት ይህንኑ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ በመጀመሪያ ቤተሰብን መደገፍ፣ ከዚያ ልጅን ከቤተሰቡ ጋር መልሶ ማገናኘት፣ ከዚያ የአደራ ቤተሰብ (ልጅን በአደራ ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤት) እና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ መጨረሻ ላይ ማሳደጊያ ብሎ ያስቀምጣል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን ክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ወረቀት አልጎደለንም።

የጎደለው ገንዘቡ ወደ ወረቀቱ መሄዱ ነው። ገንዘብ ወዴት እንደሚስብ ደግሞ በዓይናችን አይተናል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በተጧጧፈበት ዘመን ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ አሜሪካ ብቻ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከ2,500 በላይ። በዚያን ጊዜ ስንት ማሳደጊያ እንደ አሸን ፈላ! ጥሩ ቤት ያገኙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እነሱን የወደዱ ቤተሰቦችንም አላማም። ነገር ግን ልጁን የሰጠው ወላጅ ጉዲፈቻን የሚያውቀው በአገሩ ወግ ነው። በእኛ አገር ለጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ወላጁን ይጠይቃል፤ ዝምድና ይጨምራል እንጂ አይቆረጥም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነበር። "ተምሮ ይመለሳል" ብለው የፈረሙ እናቶችና አባቶች እንደነበሩ በጊዜው በሰፊው ተዘግቧል። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ምክር ቤቱ የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ልጅን ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። ከዚያ በፊትም ቁጥሩ ማሽቆልቆል ሲጀምር ብዙ ማሳደጊያ ተዘግቶ ነበር። ለምን? ልጅ ስለጠፋ አይደለም። ገንዘቡ ስለቆመ ነው። ግቢዎቹ የተከፈቱት ልጆች ስለነበሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ሲቆም ልጆቹ የት ተገኘላቸው? ብዙዎቹ ወደ ዘመድ ሄዱ። ለካ ዘመድ ነበራቸው።

አሁን ከግቢው ደጃፍ በፊት ስላለው ነገር ልናገር። በአንድ ወቅት የቤት ለቤት ጉብኝት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የድርጅቱ ስም ለነገሬ አያስፈልግም። ልጇን "ውሰዱልኝ" የምትል እናት ልጇን የጠላች እናት አይደለችም። ቀስ ብላችሁ ስትጠይቋት መልሷ በጣም ትንሽ ነገር ነው። የሁለት ወር የቤት ኪራይ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ልብስ ልታጥብ ስትሄድ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው። መታወቂያ! የቀበሌ መታወቂያ የሌላት ተከራይ ለድሆች የሚሰጠው የሴፍቲኔት ድጋፍም፣ የጤና መድንም፣ ምንም ነገር ጋ አትደርስም። "መልቀቂያ ከመጣሽበት አምጪ" ትባላለች። የመጣችበት ሩቅ ነው፤ የትራንስፖርት የላትም፤ አንዳንዴ ደግሞ ወልዳ ስለተመለሰች ቤተሰቧ ፊት መቆም አትችልም።

ከሁሉም የሚከፋው የሰው ቤት ሠራተኛዋ ነገር ነው። ከገጠር ትመጣለች፤ በደላላ በኩል ትቀጠራለች፤ ታረግዛለች። ከማን እንደሆነ መናገር የማትችልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆዷ ሲታይ ትባረራለች። ሐኪም ቤት ትወልዳለች፤ በሦስተኛው ቀን በር ላይ ቆማለች። የምታውቀው ሥራ አዳሪ ሠራተኝነት ነው፤ ሕፃን ይዛ የምትመጣ አዳሪ ሠራተኛ የሚቀጥር ቤት ስንት አለ? በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየፖሊስ ጣቢያው "ተጥሎ የተገኘ ሕፃን" እየተባለ የሚመዘገበው ልጅ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይሄ ነው። ልጁን "ወላጅ አልባ" እንለዋለን። እናቱ ግን ሁለት ሰፈር አልፎ የሌላ ሰው ልጅ ታቅፋ ታስተኛለች።

ለዚህች ሴት ስድስት ወር የምታርፍበት ቤትና ከዚያ በኋላ የሕፃናት ማቆያ ቢኖራት ልጁ ማሳደጊያ አይገባም ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ እናቶች ማቆያ እንዲከፍቱ ሕግ አለ፤ የተከፈቱትንም አይቻለሁ፤ ደስ ይላሉ። ልብስ አጣቢዋ ግን ቢሮ የላትም። ጉልት የምትቸረችረዋም የላትም።

እዚህ ላይ "ታዲያ ማሳደጊያ ይዘጋ ነው የምትለው?" የሚል ይኖራል። አይደለም። ማንም የሌለው ልጅ አለ። ዛሬ ማታ ማደሪያ የሚያስፈልገው ልጅ አለ። የደፈረው አጎቱ ስለሆነ ቤት መመለስ የሌለበት ልጅም አለ። በዚህ አስር ዓመት በጦርነትና በመፈናቀል ከቤተሰቡ የተለየውን ልጅማ ሁላችሁም ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በአዲስ አበባ ክበበ ፀሐይ፣ ቀጨኔና ኮልፌ ባይኖሩ እነዚህ ልጆች የት ይሄዱ ነበር? ተንከባካቢ ሞግዚቶቹ በትንሽ ደመወዝ የሚሠሩትን ሥራ ያየ ሰው አፉን ሞልቶ አይወቅሳቸውም።

ግን ግቢ ግቢ ነው። ክበበ ፀሐይ የትንንሾቹ ነው፤ ቀጨኔ የሴቶች፤ ኮልፌ የወንዶች። ስለዚህ እናትና አባታቸውን ያጡ እህትና ወንድም ከፍ ሲሉ እርስ በርስም ይለያያሉ። ሞግዚቷ ለብዙ ልጅ አንድ ናት፤ ፈረቃዋ ሲያልቅ ትሄዳለች። ሮማኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 አካባቢ ጀምሮ 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን ይዞ የተካሄደ ጥናት ግማሾቹን ለአደራ ቤተሰብ ሰጥቶ ተከታትሎ ነበር። ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በአእምሮ ዕድገትም፣ ሰው በመቅረብም በልጠው ተገኙ፤ ቀደም ብለው የገቡት ደግሞ ይበልጥ። ጥናት ባይኖርም የእኛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከማሳደጊያ ወጥቶ ሥራ የያዘ ጎልማሳ ልጅ ሊያጭ ሲነሳ ሽማግሌ የሚልከው ማንን ነው? ሲታመም ማን ያስታምመዋል? የማን ዕድር ውስጥ ነው? 18 ዓመት ሲሞላው ከግቢው ይዞት የሚወጣው ሰርተፍኬት ዘመድ አይሆነውም።

ወደ እናንተ ልመለስ፤ በተለይ ወደ ባለሥልጣኑ። በ2001ዱ የበጎ አድራጎት አዋጅ ዘመን 70/30 የሚባል መመሪያ ነበር። ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ነው ዓላማው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በዕርዳታ ስም ላንድክሩዘር የሚገዛውን ሁሉ አይተናል። አሠራሩ ግን የማኅበራዊ ሠራተኛውን ደመወዝና ትራንስፖርት ከአስተዳደር ወጪ ጋር ቆጠረው። ውጤቱ ምን ሆነ? ሩዝና ዘይት ማደል "ፕሮግራም" ሆነ፤ ቤት ለቤት ሄዶ እናትና ልጅ እንዳይለያዩ የሚያደርገው ሰው "ወጪ" ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን አሻሽሏል። ጣሪያውን 20 በመቶ አደረገው፤ ግን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይያያዘውን ወጪ ብቻ ነው አስተዳደር የሚለው። እሰየው ብያለሁ። ልማዱ ግን ከመመሪያው ጋር አብሮ አልተሻረም። ዛሬም ሪፖርት ሲቀርብ የሚጠየቀው "ለስንት ልጅ ታደለ?" ነው። "ስንት ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ ቀረ?" ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ አላየሁም። እባካችሁ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። መሥሪያ ቤት የሚጠየቀውን ነው የሚሠራው፤ ድርጅትም እንደዚያው።

ከሚኒስቴሩ የምጠይቀው ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። ልጅ በዘመድ እጅ ተይዞ ማሳደጊያ ደጅ ሲደርስ፣ ከመግባቱ በፊት አንድ የወረዳ ባለሙያ ቤቱን እንዲያይና ቤተሰቡ ምን ቢያገኝ ልጁን ማሳደግ እንደሚችል እንዲጽፍ ይደረግ። "አቅም የለንም" የሚለው መልስ ኪራይ ማለት ከሆነ ኪራይ ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ ያ ወረቀት ሴፍቲኔቱ ጋ ይድረስ። ሴፍቲኔትና የሕፃናት ጉዳይ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው እንኳ የማይተዋወቁበት ወረዳ ስንት እንዳለ ታውቁታላችሁ። የልጅ ልጇን የምታሳድግ አያት ደግሞ የሴፍቲኔት ክፍያ ለማግኘት በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰልፋ አካፋ እንድትይዝ መጠየቅ የለባትም፤ ልጅ ማሳደጓ ራሱ ሥራ ተብሎ ቀጥታ ድጋፍ ታግኝ። የአደራ ቤተሰብንም ነገር አደባባይ አውጡት። ልጅ በአደራ ተቀብሎ ለማሳደግ የት ሄዶ እንደሚመዘገብ የሚያውቅ ሰው ሰፈሬ ውስጥ ጠይቄ አላገኘሁም።

የግልባጩ ተቀባዮች፣ እኛ ደግሞ።

የልደት፣ የምረቃ፣ የሰርግ መልስ ጊዜ ኬክና ለስላሳ ጭነን ማሳደጊያ መሄድ ወግ ሆኗል። ልባችን ደግ ስለሆነ ነው፤ አልክድም። ብቻ አንድ ቀን ከልጆቹ ወገን ሆነን እናስበው። በየሳምንቱ የማያውቋቸው ሰዎች ይመጣሉ፤ ያቅፏቸዋል፤ ፎቶ ይነሳሉ፤ ይሄዳሉ። የሌላ ሰው ልጅ ሻማ ሲያጠፋ ያጨበጭባሉ። ማታ ፊታቸው ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ማንም አልጠየቃቸውም። የገዛ ልጃችን ፊት እንዲህ ቢለቀቅ ጠብ እናነሳ ነበር።

ውጭ ያላችሁ ወገኖችም፣ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ የምትልኩት ገንዘብ ቀላል አይደለም። አገር ቤት ስትመጡ ግቢ መጎብኘት ያምራችኋል፤ ጡቡን ማየት፣ ስማችሁ የተጻፈበትን ክፍል ማየት። ይገባኛል። ነገር ግን ለአንድ ልጅ አልጋ፣ ሞግዚት፣ ጥበቃና ምግብ በዓመት የምታወጡት ገንዘብ ስንት አያት ቤት እንደሚያቆም ድርጅቱን ጠይቁ። ድርጅቱ ጥሩ ከሆነ ቶሎ ይመልስላችኋል። ኬኩንም ብትፈልጉ የሰፈራችሁ ዕድር ጸሐፊ ጋ ሂዱና በዕድሩ ውስጥ ወላጅ የሞተበት ልጅ የሚያሳድግ ቤት ጠይቁት። ጣቱን ቀስሮ ያሳያችኋል። ፎቶ ግን አይኖርም፤ አያቲቱ አይፈቅዱላችሁም።

በእዳዬ ስም የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል መሰየሙ ደስ ብሎኛል። እናቶችና ሕፃናት አንድ ላይ መጻፋቸው ራሱ ትክክል ነው። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሌሎቹም የማዋለጃ ክፍሎች፣ ከወለደች በኋላ የምትሄድበት የሌላትን ሴት ሳትወጣ የሚያነጋግር አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቋሚ ጠረጴዛ ይሰጠው። የሚያገናኛት ማረፊያ ቤት ስልክ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ በጀቱም የአንድ ግቢ አጥር ከመሥራት አይበልጥም።

በየዓመቱ ደግሞ ሁለት ቁጥር አውጡልን፦ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ እያላቸው ማሳደጊያ የገቡ ልጆች ስንት ናቸው? ወደ ቤታቸው የተመለሱትስ? በጋዜጣም ይሁን በድረ ገጻችሁ፣ የ2011ዱን አዋጅ በጀመራችሁበት ግልጽነት፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የጉለሌ ነዋሪ